ከደመወዙ በፊት ሮስተሩን ጠይቁ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ 33 ዓመቱ ነው። እዚሁ አገር ቦይንግ 737 ላይ ረዳት አብራሪ ሆኖ ይሠራል። ባለፈው ወር የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ ያለ አንድ አየር መንገድ ‹ፈተናውን አልፈሃል፣ ና› አለው። ትልልቅ አውሮፕላን ነው፤ ረጅም በረራ ነው። ደመወዙ አሁን ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ ነው። ቤትና የልጆች ትምህርት ቤትም ይከፍላሉ። እሱ ለመፈረም ቸኩሏል። እናቱ ‹ዕድል ሁለቴ አይመጣም› ይላሉ። እኔ ግን ቀድመው የሄዱትን የጓደኞቹን ሚስቶች ስሰማ ሆዴ ይባባል። አንዷ ‹ባሌ ቤት ውስጥ አለ፤ ግን ሁልጊዜ ተኝቷል› አለችኝ። እዚህ ቢቆይ በሁለት ዓመት ውስጥ ካፒቴን ይሆናል ተብሏል። ይሂድ ወይስ ይቅር? ከሄደስ አብረን እንውጣ ወይስ እሱ ይቅደም? የፈራሁት ምን እንደሆነ ለእሱ እንኳ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። እህታችሁ ነኝ።»

ውድ እህቴ፣

ለባለቤትሽ ማስረዳት ያቃተሽን ነገር እኔ ልሞክረው። ደብዳቤሽን አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። የአየር መንገዱን ስም ከደብዳቤሽ ላይ ሰርዤዋለሁ፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ አብራሪ አይደለሁም። የአብራሪዎች ሮስተር፣ ማለትም ማን መቼ ወዴት እንደሚበር የሚያሳየው የሥራ መርሐ ግብር፣ በሚወጣበት ክፍል ግን ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያ ወረቀት አንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

መልሴን አላንዛዛም። ባለቤትሽ መሄዱ ክፉ አይደለም። ደመወዝ የተጻፈበትን ደብዳቤ ብቻ አይቶ መፈረሙ ግን ክፉ ነው። ሮስተሩን ይይ። የመውጫውን አንቀጽ ይይ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ካፒቴንነቱን እዚህ አግኝቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርሽ።

አስቀድሜ ለእሱ ልሟገትለት። መቸኮሉ ስግብግብነት አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የሚከፈለው ሰው ሁሉ ደመወዙ ሲሳሳ አይቷል። የኤምሬቶች ገንዘብ ዲርሃም ግን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.67 ገደማ ታስሮ ቆሟል። እዚያ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። የአብራሪ ሙያ ደግሞ ድንበር የለውም፤ ቦይንግ አዲስ አበባም ሆነ አቡዳቢ ያው ቦይንግ ነው። የእኛ ልጆች እዚያ የሚፈለጉት በደንብ ስለሠለጠኑ ነው። ይህ ሊያኮራን ይገባል። ስለዚህ በገንዘቡ ላይ አትከራከሪው። በዚያ በኩል እውነቱ ከእሱ ጋር ነው።

ክርክሩ መሆን ያለበት በሰዓቱ ላይ ነው።

በአውሮፓም በአሜሪካም ሕጉ አንድ አብራሪ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ እንዳይበር ይከለክላል። በአውሮፓ ለአንድ ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ 900 ሰዓት ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ዘመድ ይህን ሲሰማ «በሳምንት 25 ሰዓት? እኔ እኮ 40 ሰዓት ነው የምሠራው» ይላል። ግን የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለበረራ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለው ሰዓት ብቻ ነው። ከበረራ በፊት ያለው ዝግጅት አይቆጠርም። ወደ ኤርፖርት የሚሄድበት መንገድ አይቆጠርም። ስልኩን ይዞ «ይጠሩኝ ይሆን?» እያለ የሚውልበት የስታንድባይ ቀን አይቆጠርም። በየስድስት ወሩ የሚመጣው የሲሙሌተር (በረራን የሚያስመስል ማሠልጠኛ) ፈተናና ለእሱ የሚጠናው ጥናትም እዚያ ውስጥ የለም።

ዱባይን እንውሰድ። ከዚያ ኒው ዮርክ 14 ሰዓት ገደማ ነው። መልሱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። በ28 ቀን ውስጥ ይህን ደርሶ መልስ ሦስት ጊዜ ከሠራ 80 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወረቀት ላይ ሲታይ ሦስት ጉዞ ብቻ ነው፤ ቀላል ይመስላል። ግን በእያንዳንዱ ጉዞ የስምንት ወይም የዘጠኝ ሰዓት ልዩነት ወዳለበት አገር ይሄዳል። አንድ ሌሊት ያድራል። ሰውነቱ ገና ሳይለምደው ይመለሳል። ሰውነት እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያስተካክለው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲገባ ሰውነቱ የዱባይን ሰዓትም አያውቅም፣ የኒው ዮርክንም አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ይወድቃል፤ ሌሊት ዓይኑ ፈጦ ይቀራል። ሊያገግም ሲል ሦስተኛው ጉዞ ይመጣል። «ሁልጊዜ ተኝቷል» ያለችሽ ሴት እውነቷን ነው። ባሏም ሰነፍ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። ረጅሙ በረራ ከሁሉ የከፋው አይደለም። ረጅም በረራ በሦስት ወይም በአራት አብራሪ ይሠራል፤ ተራ በተራ ይተኛሉ። ትልልቆቹ ቦይንግ 777 እና ድሪምላይነር ላይ ለእነሱ የተሠራ አልጋ አለ። አየሩ ደረቅ ነው፤ አውሮፕላኑም ይንቀጠቀጣል። እንቅልፉ የቤት እንቅልፍ አይሆንም። ግን እንቅልፍ ነው።

የከፋው የሌሊት ደርሶ መልስ ነው። የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች ሥራ መንገደኛን ከአንድ አህጉር አምጥቶ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። የአውሮፓው መንገደኛ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይገባል፤ ንጋት ሳይደርስ ወደ እስያ ይነሳል። ኤርፖርቱ የሚጨናነቀው ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ነው። ረዳት አብራሪው ማታ አራት ሰዓት ላይ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ፓኪስታን ይነሳል። እዚያ አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል፤ መንገደኛ አውርዶ መንገደኛ ይጭናል። ፀሐይ ስትወጣ ተመልሶ ያርፋል። አብራሪዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አልጋ የለም። ቤት ሲደርስ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ልብሳቸውን እየለበሱ ነው። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ለመተኛት ይሞክራል። በማግስቱ ማታም ሊደገም ይችላል። ብዙ አብራሪዎች «የሚገድለን ይሄ ነው» ይላሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሰው አካል በጣም የሚደክምበት ጊዜ ነው። የአውሮፓ የበረራ ሰዓት ሕግ ይህንን ጊዜ ለይቶ አስቀምጦታል፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሰው የሥራ ጊዜው እንዲያጥር ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናትም አለ። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል ይላል። ባለቤትሽ ጠጥቶ ኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ። ደክሞ ግን ሊገባ ይችላል፤ መድከሙን እሱ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ይህን ሳወራ በዓይኔ የሚመጣብኝ የማንጋሎር አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2010 ጠዋት ከዱባይ የተነሳ የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ 737 ደቡብ ሕንድ ማንጋሎር ላይ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው አልፎ ገደል ገባ። 158 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንት ተረፉ። ካፒቴኑ ከውጭ አገር መጥቶ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ነበር። የድምፅ መቅረጫው ካፒቴኑ በበረራው ወቅት ለረጅም ጊዜ ተኝቶ እንደነበር አሳየ። መርማሪዎቹ ከእንቅልፉ ተነስቶ አእምሮው ገና ሳይነቃ ውሳኔ መስጠቱን ከምክንያቶቹ ቆጠሩት። ረዳት አብራሪው ማረፉን ትተን እንደገና እንነሳ እያለ ደጋግሞ ተናግሯል። አልተሰማም። ባለቤትሽ የሚቀመጠው በዚያ ረዳት አብራሪ ወንበር ላይ ነው። ለማስፈራራት አይደለም ይህን የነገርኩሽ። ድካም የጤና ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው።

ይህ የባሕረ ሰላጤ በሽታ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ አብራሪዎች ማኅበር 500 አብራሪዎችን አስጠይቆ ነበር። 56 ከመቶዎቹ በሥራ ላይ ሳሉ ኮክፒት ውስጥ እንቅልፍ ወስዶን ያውቃል አሉ። ከእነዚህም 29 ከመቶዎቹ ሲነቁ የሥራ ጓደኛቸውም ተኝቶ አገኙት። ወደ ቤታችንም እንምጣ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ 737 አዲስ አበባ ላይ መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ አልፎ ሄደ። አየር መንገዱ ከተቆጣጣሪዎች ጋር ግንኙነት ለጊዜው መቋረጡንና አብራሪዎቹ እስኪጣራ ከሥራ መነሳታቸውን ገለጸ። የአቪዬሽን ዘገባዎች ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም አረፈ። ስለዚህ ባለቤትሽ «እዚህስ አይደክምም ወይ?» ቢልሽ ትክክል ነው። ይደክማል። ጥያቄው የቱ ቤት ውስጥ ነው «ደክሞኛል» ብሎ በሰላም መተኛት የሚቻለው የሚል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወንዶቻችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ «ደክሞኛል» ማለት ለብዙ ወንድ ሽንፈት ነው። በተለይ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ፓይለቱ» እያለ የሚጠራው ሰው ከሆነ። ሰው አገር ሲሄድ ደግሞ ይብሳል። አዲስ ነው፤ መታየት አይፈልግም፤ ለዚያ ቦታ የተሰለፈ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃል። ድካሙን የሚያውቀው የሚስቱ ዓይን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት በዚህ ተነጋገሩ። «አልቻልክም፣ ዛሬ ደውልና አልበርም በል» ስትይው ቁጣ ሳይሆን እርዳታ መሆኑን አሁን ይወቀው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ባለቤትሽ እዚያ ድርጅት ውስጥ፣ በሚመደብበት አውሮፕላን ላይ የሚሠራ ረዳት አብራሪ ያውቃል። ካላወቀም የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ የእኛ አብራሪዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው። የሦስት ወር ሮስተር ይለምነው። ከሦስቱ አንዱ የሐምሌ ወይም የታኅሣሥ ይሁን፤ መንገደኛ የሚበዛው ያኔ ነው። ቅጥር ክፍሉ የሚያሳየው ናሙና አይበቃም። ሮስተሩን አትማችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ማርከር ያዢ። በአልጋው የማያድርባቸውን ሌሊቶች በአንድ ቀለም አስምሪ። ከስምንት እስከ 12 ሰዓት አየር ላይ የሚሆንባቸውን በሌላ ቀለም። የስታንድባዩን በሦስተኛ። ከዚያ ምንም ቀለም ያልነካቸውን ቀናት ቁጠሩ። እነዚያ የእናንተ ቀናት ናቸው። እሱ ራሱ ሲያየው ያንቺ ፍርሃት ይገባዋል፤ ወይም አንቺ ያሰብሽውን ያህል እንዳልሆነ ታይና ትረጋጊያለሽ። ሁለቱም መልካም ነው።

ለዚያ ሰው መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎችም አሉ። አውሮፕላን ውስጥ አልጋ ላይ የተኛበት ሰዓት በወሩ ጣሪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል ወይስ ይቀነሳል? ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይለውጣል። ታምሜያለሁ ብሎ የደወለ ሰው ምን ይገጥመዋል? «ለዛሬው በረራ በጣም ደክሜያለሁ» ያለስ? ሪፖርቱ ሮስተር ለማስተካከል ይውላል ወይስ ሰውየውን አለቃ ቢሮ ያስጠራዋል? የዓመት ፈቃድ ወረቀት ላይ 30 ቀን ሊል ይችላል፤ ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ግን ይገኛል ወይ? ኮክፒት ውስጥ በሥርዓት ለአጭር ጊዜ ማሸለብስ ይፈቀዳል? እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የናሳ ጥናት በአማካይ 26 ደቂቃ ብቻ ያሸለቡ አብራሪዎች ንቃታቸው በጣም እንደተሻሻለ አሳይቷል። በአውሮፓ በደንብ ተወስኖ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካ አይፈቀድም። እነዚህን በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ወይም በቪዲዮ ጠይቁ። ሰውየው መልሱን ከመናገሩ በፊት ዝም ካለ፣ ዝምታውንም እንደ መልስ ውሰዱት።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። ኤምሬቶች ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አይፈቀድም፤ ሥራ ማቆምም ክልክል ነው። አውሮፓ ውስጥ ሮስተር ሲከብድ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ይደራደራል። እዚያ ግን ባለቤትሽ የሚይዘው የፈረመውን ውል ብቻ ነው። ውሉ ላይ የሌለ ነገር የለም። በቃል የተባለ ነገር አይቆጠርም። «ኩባንያው እንደ አስፈላጊነቱ ሊለውጠው ይችላል» የሚል ሐረግ ያለበትን አንቀጽ ሁሉ አስምሩበት፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ተስፋ በዚያ ሐረግ ሊሰረዝ ይችላል።

ስለ መውጫው ልቀጥል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች በአዲስ አውሮፕላን ላይ ካሠለጠኑ በኋላ ለተወሰነ ዓመት ያስራሉ፤ ቀድሞ የወጣ የሥልጠናውን ወጪ ይከፍላል። ይህ የሥልጠና ዕዳ (ቦንድ) ስንት ነው? በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ነው? እነሱ ራሳቸው ቢያሰናብቱት ይሰረዛል? እዚህስ ያልጨረሰው ግዴታ አለ? ለሁለት አሠሪ በአንድ ጊዜ ባለዕዳ ሆኖ መሄድ የለበትም።

እ.ኤ.አ. 2020ን አስታውሺ። ኮሮና ሲመጣ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች ብዙ አብራሪ አሰናበቱ፤ የቀሩትንም ደመወዝ ቆረጡ። በሆንግ ኮንግ ካቴይ ፓሲፊክ በዚያው ዓመት 5,900 ሠራተኞችን ቀነሰ፤ ድራጎን የሚባለውን እህት አየር መንገዱን ዘጋ፤ የቀሩትን አብራሪዎች ዝቅ ባለ ክፍያ አዲስ ውል አስፈረመ። የበረራ ሥራ እንዲህ ነው፤ ዓለም ስታስነጥስ መጀመሪያ የሚታመመው አየር መንገድ ነው። ሰው አገር ግን ጉዳቱ ድርብ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የተሳሰረ ነው። ቤቱ ከሥራው ጋር ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ከሥራው ጋር ነው። አንዱ ሲሄድ ሁሉም በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሄዳል። ያኔ አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል አይሆኑም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ለመኪና አይደለም። ለስድስት ወር ቤተሰቡን የሚያኖር ተቀማጭ እስኪሞላ ድረስ ሌላ ነገር አታስቡ። እዚያ ባንኮች ለአብራሪ ብድር ለመስጠት ይሽቀዳደማሉ። አትውሰዱ። ዕዳ ያለበት ሰው ከአገር እንዳይወጣ ሊታገድ ይችላል፤ ሥራ በቀረበት ቀን ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው።

ጡረታ የሚባል ነገርም ለውጭ ዜጋ የለም። እዚህ 7 ከመቶ ከእሱ፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ለጡረታ ይገባል። እዚያ ያለው የስንብት ክፍያ ነው። በግል ዘርፉ የሠራተኛ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። አንዳንድ ድርጅቶች በዚህ ፈንታ የራሳቸው የቁጠባ ፈንድ አላቸው፤ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ። ልብ በሉ፦ የሚሰላው ከመነሻ (መሠረታዊ) ደመወዙ ነው። የቤት አበል፣ የበረራ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አይገቡበትም። አምስት ዓመት ሠርቶ ቢወጣ የሦስት ወር ተኩል መነሻ ደመወዝ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ያለውን ትልቁን ድምር ትታችሁ መነሻው ስንት እንደሆነ ለይታችሁ እዩ። የበረራ ሰዓት ክፍያው ደግሞ ሲታመም፣ ፈቃድ ሲወጣ፣ ሥልጠና ላይ ሲሆን አይኖርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአብራሪ ሥራ በየዓመቱ በሐኪም ፊት ይታደሳል። የልብ ምት ተዛባ፣ ስኳር ተገኘ ማለት ሥራው ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ፈቃዱን በጤና ምክንያት ቢያጣ የሚከፍል መድን በውሉ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ በራሱ ይግዛ። ይህን አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ካፒቴንነቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ላይስማማኝ ይችላል፤ እኔ ግን አጥብቄ ነው የምለው። ባለቤትሽ 33 ዓመቱ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ የአየር መንገድ አብራሪ እስከ 65 ዓመቱ መብረር ይችላል። 32 ዓመት አለው። ሁለት ዓመት ከዚያ ውስጥ ምንም ማለት አይደለም። ዛሬ ከሄደ ከሰልፉ መጨረሻ ነው የሚቆመው፤ ካፒቴን የሚሆነው በእነሱ ተራ ነው። ተራው ሮስተር ላይም ይሠራል፤ ጥሩውን ጉዞ የሚያገኙት የቆዩት ናቸው። ካፒቴን ሆኖ፣ በራሱ ኃላፊነት የበረረባቸውን ሰዓቶች በሎግቡኩ (በበረራ መዝገቡ) ይዞ ከሄደ ግን ሌላ ሰው ነው። በቀጥታ በካፒቴንነት የሚቀጥሩ አየር መንገዶች የሚጠይቁት ያንን ሰዓት ነው። ያኔ ምርጫው አንድ ከተማ ብቻ አይሆንም። ሮስተሩ ካልተስማማው ሌላ ቦታ መሄድ ይችላል፤ ወደ ቤቱም በክብር ይመለሳል።

«በሁለት ዓመት ውስጥ» የተባለው ግን በወሬ ነው ወይስ በዝርዝር ላይ? ይህን ይለይ። ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንዳደገ እሱ ማወቅ ይችላል። ተራው በእውነት ቅርብ ከሆነ ይቆይ። ሩቅ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ አስቸኳይ የገንዘብ ችግር ካለ፣ ሮስተሩም ጥሩ ሆኖ ከተገኘ፣ ይሂድ። ያኔ አልከለክለውም። ለእናቱም በአክብሮት ንገሯቸው፤ አብራሪ የሚፈልግ አየር መንገድ ከሁለት ዓመት በኋላም አለ።

ከሄደ ግን እሱ ይቅደም። የሙከራ ጊዜ በዚያ ሕግ እስከ ስድስት ወር ነው። በእነዚያ ወራት አዲስ አውሮፕላን ይማራል፤ ሲሙሌተር ላይ ይፈተናል፤ ከአሠልጣኝ ጋር ይበራል። ቀን ከሌት መጽሐፍ ላይ ነው የሚሆነው። በዚያ ጊዜ ልጆችን አዲስ አገር ማውረድ ለእሱም ለእናንተም አይበጅም። የአዲስ አበባና የዱባይ ልዩነት አራት ሰዓት በረራና አንድ ሰዓት በሰዓት ነው። ቅርብ ነው። በሦስተኛው ወር ልጆቹን ይዘሽ ለሁለት ሳምንት ሂጂ። እንደ እንግዳ አትሁኚ፤ ገበያ ውጪ፣ ትምህርት ቤት ጠይቂ። ከሌሊት በረራ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ እዪ። ቤት ስትመርጡ የመኝታ ክፍሉ ከልጆች መጫወቻ ራቅ ያለ ይሁን፤ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ያስፈልገዋል። ቀን ላይ የሚተኛ አባት ያለበት ቤት ልጆች በሹክሹክታ እንዲያድጉ ሊያደርግ ይችላል። ይህን የአብራሪ ሚስቶች ሁሉ ያውቁታል። መርዳት የሚችሉትም እነሱ ናቸው፤ ያችን «ሁልጊዜ ተኝቷል» ያለችሽን ሴት ደግመሽ አግኚያት።

ስለ ራስሽ ሥራ በደብዳቤሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም። እኔ ግን እጠይቅሻለሁ። የእሱ ሮስተር ባዶ ባደረገው ቤት ውስጥ ሥራ ሳይኖርሽ መቀመጥ ከባድ ነው። ሥራሽን አትልቀቂ፤ የሚሰጡሽ ከሆነ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ዱባይ ውስጥ ፋርማሲስት ሆኖ ለመሥራት የጤና ባለሥልጣኑን ፈተና ማለፍና ዳታፍሎው በሚባለው ድርጅት በኩል ዲግሪሽን፣ የሙያ ፈቃድሽንና የሥራ ልምድሽን ማስመርመር ያስፈልጋል። ከየመሥሪያ ቤቱ መልስ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ባለቤትሽ ሮስተሩን ሲያፈላልግ አንቺ ወረቀቶችሽን አሰባስቢ። የጋብቻና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትም ጨምሪ፤ ለቤተሰብ ቪዛ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲያቸው መረጋገጥ አለባቸው። ዘንድሮ ሄዳችሁም አልሄዳችሁም፣ የተረጋገጠ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ መኖሩ አይጎዳም። ሮስተሩ እጃችሁ ከገባና ቀለም ከቀባሽው በኋላ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።